ጎማ ያለው ቤት

ባለፈው ጥር ልጄን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ ስሄድ ሻንጣዬን ያከበደው በርበሬና ሽሮ ነበር፤ እኔን የከበደኝ ግን አንድ አደራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዩኒቨርሲቲ ካስተማርኳቸው ልጆች የአንዱ እናት፣ ሰባን የተሻገሩ የጉለሌ ወይዘሮ፣ በአራት ፌስታል የተጠቀለለ ድርቆሽ ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ይሄስ ይደርሳል። ቤቱን ግን በዓይንዎ አይተውልኝ ይምጡ» አሉኝ።

«ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

«ምን አውቄ! ቤት አለኝ ይለኛል። ፎቶ ላክልኝ ስለው አንድ ጊዜ በሩን ይልካል፣ አንድ ጊዜ ምድጃውን ይልካል። ሙሉውን ልኮልኝ አያውቅም። በር ያለው ቤት መቼም ግድግዳ አያጣም። ግድግዳውን አይተውልኝ ይምጡ።»

ግድግዳውን አየሁት። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል፤ ቀለሙ የደረቀ ጭቃ ይመስላል፤ ከሥሩ ስድስት ጎማ አለው።

ቦታው ኳርትዝሳይት ይባላል። በአሪዞና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከፊኒክስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ካሊፎርኒያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለ ትንሽ የበረሃ ከተማ ነው። በሐምሌ እሳት ነው አሉ። በጥር ግን አየሩ የአዲስ አበባን ጥቅምት ይመስላል፤ እናም የሰሜኑን ብርድ የሸሸ አሜሪካዊና ካናዳዊ ቤቱን እየነዳ መጥቶ ይሰፍርበታል። ዓይን እስኪደክም ድረስ መኪና፣ ተሳቢ፣ እንደገና መኪና። መጀመሪያ ሳየው በልቤ «ይሄማ የጦር ሰፈር ነው» አልኩ። ለነገሩ ብዙም አልተሳሳትኩም፤ እመለስበታለሁ።

ተማሪዬ (ከእናቱ ጋር እንዳላጣላው ስሙን ልተወው) በ2002 በዲቪ ነው የሄደው። ላስ ቬጋስ ታክሲ ነዳ፤ በ2006 ቤት ገዛ፤ በ2010 ቤቱን ባንክ ወሰደበት። ይህን ሲነግረኝ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አልፈጀም፤ እኔም አላስረዝመውም። ከዚያ እንደ ብዙ ሐበሻ የረጅም ርቀት ከባድ መኪና መንዳት ያዘ፤ ሰባት ዓመት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ባለች አልጋ ላይ አደረ። ያጠራቀመውን ሰብስቦ አንድ ያረጀ የቤት መኪና ገዛ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በአጭሩ «አርቪ» የሚሉት ነው። «ጋሼ፣ ከዚያች አልጋ ለወጣ ሰው ይሄ ቪላ ነው» አለኝ።

ሥራውም እዚያው ውስጥ ነው። በስልክ ያስተረጉማል። ሚኒሶታ ያለ ሐኪም ቤት ወይም ቨርጂኒያ ያለ ፍርድ ቤት እንግሊዝኛ የማይችል ኢትዮጵያዊ ሲገጥመው፣ መስመሩ በአስተርጓሚ ድርጅት በኩል ዞሮ እሱ ጆሮ ላይ ይወድቃል። ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሰው ምስጢር ነውና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ አስወጣኝ። ሃያ ደቂቃ በረሃው ላይ ቆሜ ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። በሩን ሲከፍትልኝ ፊቱ ተለውጧል። ምን እንደተባለ አልጠየቅኩትም። «አንዳንዱ ነገር በአማርኛ ሲሉት ይከብዳል» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ቤቱን አስጎበኘኝ። ከማንም የመብራት መስመር፣ ከማንም የውሃ ቧንቧ ጋር አልተያያዘም። ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ቀን የሰበሰቡት ኃይል ከአልጋው ሥር ባሉት ባትሪዎች ውስጥ ያድራል፤ ኢንቨርተር የሚሉት ሣጥን ደግሞ የባትሪውን ኃይል ፍሪጁና ኮምፒዩተሩ ወደሚቀበሉት መብራት ይለውጠዋል። ደመና ከበዛ ጄኔሬተር አለ። ምድጃው በጋዝ ሲሊንደር ይሠራል። ኢንተርኔቱ ጣሪያው ላይ ከተገጠመች ጠፍጣፋ ሳህን በሳተላይት ይመጣል፤ ስታርሊንክ ይህን አገልግሎት ለቤት መኪኖች ማቅረብ የጀመረው በ2022 ነው፤ ለእሱ ዓይነቱ ሥራ በረሃውን የከፈተውም ይኸው ነው። ከወለሉ በታች ሦስት ታንከሮች አሉ፦ አንዱ የንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው የእጣቢ፣ ሦስተኛውን አንባቢ ይገምተው። የንጹሑ አራት መቶ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በቀን ከሠላሳ ሊትር ካላለፈ ወደ ሁለት ሳምንት ያደርሰዋል።

«ሮቶ ነዋ!» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ'ኮ ጉለሌ ነው ያደግኩት። እዚህ ያሉት ፈረንጆች ይህን ሁሉ ከዩቲዩብ ነው የሚማሩት። እኔ ውሃ ሲመጣ መሙላት፣ ሲሄድ መቆጠብ፣ የእጅ መታጠቢያውን እጣቢ ለሌላ ሥራ ማዋል ከእማዬ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

ዝም አለ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ አደራውም ስላለብኝ ጭምር፣ የዚህን ቤት ዘር ማንዘር ሳነብ ከረምኩ። ጎማ ያለው ቤት የሀብታም ጡረተኛ መዝናኛ ሆኖ የተጀመረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ መጀመሪያ የእረኛ ቤት ኖሯል።

በ1884 ገደማ ዋዮሚንግ ውስጥ ሮውሊንስ በተባለች ከተማ ጄምስ ካንድሊሽ የሚባል አንጥረኛ የመጀመሪያውን የበግ እረኛ ጋሪ ሠራ ይባላል። በሸራ የተሸፈነ፣ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው። ምድጃው በሩ አጠገብ ነው፤ አልጋው በወዲያኛው ጫፍ በአግድመት ተዘርግቷል፤ ከአልጋው ሥር እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ጠረጴዛ አለ። በሩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የታችኛው ተዘግቶ የላይኛው ሲከፈት ብርዱ ይቀንሳል፣ በጎቹም ይታያሉ። እረኛው ሣሩን ይከተላል፣ ቤቱ እረኛውን ይከተላል። እዚያ ጋሪ ውስጥ የሚኖረው ሰው በጎቹም፣ ጋሪውም፣ መሬቱም ብዙውን ጊዜ የራሱ አይደሉም። ቤቱ የሥራው ዕቃ ነው፤ ልክ እንደ ተማሪዬ የከባድ መኪና አልጋ።

ከእነዚህ እረኞች አንዱ በኋላ ስመ ጥር ሆነ። ዋሊ ባያም በ1896 ኦሪገን ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ በግ ሲጠብቅ አህያ በምትጎትተው ጋሪ ውስጥ ይኖር ነበር። የላምባ ምድጃ፣ ስንቅ፣ የውሃ ባልዲና መታጠቢያ፤ ንብረቱ ይኸው ነው። አድጎ ስታንፎርድ ተማረ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማስታወቂያ ጻፈ፣ መጽሔት አሳተመ። ከመጽሔቶቹ በአንዱ ላይ በመኪና የሚጎተት ቤት በገዛ እጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ፤ አንባቢዎች «እንደተባለው ብንሠራ አልሆነልንም» ብለው አማረሩ። ባያም ራሱ ሞከረው፤ አንባቢዎቹ ልክ ነበሩ። የተሻለ ሠራ፤ በ1931 ኤርስትሪም የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። (ዓምደኛ ሆኜ ስንት የአንባቢ ቅሬታ ደርሶኛል፤ ከቅሬታ ፋብሪካ ያወጣ ሰው ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።)

በጥር 1936 ባያም ክሊፐር የተባለውን ሞዴል አወጣ። እንደ አውሮፕላን በአሉሚኒየም ቆርቆሮ በሪቬት የተገጣጠመ፣ አራት ሰው የሚያስተኛ፣ የራሱ ውሃና የራሱ የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ተሳቢ ቤት ነበር። ዋጋው 1,200 ዶላር፤ ከአዲስ ፎርድ መኪና ሁለት እጥፍ ያህል። ይህ እንግዲህ ሚሊዮኖች ሥራ ባጡበት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው።

1936 ለእኛ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ ሌላ ነገር ለማስታወስ ልባችን አይፈቅድም። እስቲ ግን ለጥቂት ደቂቃ የአሜሪካን አስፋልት እንይ። ክሊፐር በወጣ በወሩ፣ በየካቲት፣ የዚያችው የሎስ አንጀለስ የፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ ከመቶ ሠላሳ በላይ ፖሊሶች ወደ ካሊፎርኒያ ጠረፎች ላከ። የአንድ ከተማ ፖሊስ ከከተማው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የግዛት ድንበር ይጠብቃል! ሥራቸው ኪሱ ባዶ የሆነውን፣ ሥራ የሌለውን መንገደኛ ወደመጣበት መመለስ ነበር። ድርቅና አቧራ ከኦክላሆማና ከአካባቢው የነቀላቸው ገበሬዎች ፍራሻቸውን አሮጌ መኪና ላይ አስረው፣ ድስታቸውን ከጎን አንጠልጥለው ይጎርፉ ነበርና። እነሱም ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ የእነሱ ቤት አለማብለጭለጩ ነው።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ ጥቁር ፖስተኛ «ግሪን ቡክ»ን ማሳተም ጀመረ፤ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የት መብላት፣ የት ማደር እንደሚችል የሚጠቁም መመሪያ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ቤተሰብ ረጅም መንገድ ሲነሣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን፣ አንዳንዴም ለሽንት የሚሆን ጣሳ ሳይቀር ጭኖ ነበር። በየማደያው ሽንት ቤት፣ በየምግብ ቤቱ በር «አንተን አይመለከትም» ስለሚባል። «ራሱን የቻለ» የሚለውን ቃል የኤርስትሪም ማስታወቂያዎች ሲያወድሱት ኖረዋል። ክሊፐር የገዛው ሰውዬ ውሃውን ይዞ የወጣው ስለፈለገ ነው፤ ያኛው ግን ስለተከለከለ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ተላልፈው ይሆናል፤ እጅ ይነሣሡ እንደሆነ እንጃ።

ካሊፎርኒያ ድሀ ሰው ወደ ግዛቷ ይዞ የሚገባን የምትቀጣበት ሕግም ነበራት። ኤድዋርድስ የተባለ ሰው በዚህ ተከሰሰ፤ ጥፋቱ ሥራ ያጣ የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በመኪናው ማምጣቱ ነው። የኛ አገር ሰው ቢሆን ለዚህ ይመረቅ ነበር። በ1941 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ ድህነት ከግዛት ወደ ግዛት ከመሻገር የሚያስከለክል ምክንያት መሆኑ ቀረ። መሻገሩ ተፈቀደ። መቆሙ ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ የዚህ ቤት ታሪክም እኔ እንዳነበብኩት ከመሄዱ ይልቅ የመቆሙ ታሪክ ነው።

የድሮ ሙያዬ ይጎትተኛልና ስለ ጆን ስታይንቤክ አንድ ነገር ልበል። በ1939 ባሳተመው «የቁጣ ወይን» ልቦለድ በአሮጌ መኪና ካሊፎርኒያ ገብተው ከሰፈር ሰፈር የሚባረሩትን ተፈናቃዮች ጻፈ። በ1960 ደግሞ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ላይ፣ በፒክአፕ መኪና ላይ ትንሽ ቤት አስጭኖ፣ በዶን ኪሆቴ ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» ብሎ ሰይሞ፣ ውሻውን ይዞ አገሩን ሊዞር ወጣ፤ መጽሐፉ በ1962 ታተመ፣ የኖቤል ሽልማቱንም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ደራሲ፣ ሁለት የመኪና ቤት። በመጀመሪያው ያሉት የትም ቢቆሙ ፖሊስ ይመጣል፤ በሁለተኛው ያለው የትም ቢቆም እንግዳ ነው። ዓመታት ሳስተምረው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ የማወራው ስለ «ተምሳሌት» ነበር። ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባብሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተንባይ በሃያ ዓመት ውስጥ ግማሹ አሜሪካዊ በተሳቢ ቤት ይኖራል ብሎ ነበር። አልሆነም። ጦርነቱ ሲመጣ አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ሆነ፤ ባያም ፋብሪካውን ዘግቶ አውሮፕላን ፋብሪካ ገባ፤ መንግሥት ደግሞ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያስጠልልባቸው ተሳቢ ቤቶች በአሥር ሺዎች ገዛ። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ወደ ሦስት ሜትር ከፍ ያለው ዓይነት የቤት ወጉን አገኘ፤ ግን ማንም በግል መኪናው ሊጎትተው አልቻለም፤ አንድ ቦታ ቆሞ የድሀ ሠፈር ሆነ። ጠባቡ መጓዙን ቀጠለ፤ የሽርሽር ዕቃ ሆነ።

ከጠባቦቹ ጋር ባያም እስከ እኛ ድረስ መጣ። ኩባንያው በ1957 «ኢንተርናሽናል» የተባለውን ሞዴል አወጣ፤ ከማንም የመብራትና የውሃ መስመር ጋር ሳይያያዝ መቆየት እንዲችል ታስቦ የተሠራ። ሊፈትነው በ1959 ከኬፕታውን ተነሣ፤ 41 ተሳቢዎች፣ 106 ሰዎች፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ። የባያም የራሱ ተሳቢ ወርቃማ ነበረች። አፍሪካን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጠው በ1960 መጀመሪያ ካይሮ ገቡ፤ ተሳቢዎቹ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ተሰልፈው የተነሡት ፎቶግራፍ እስካሁን ይዞራል። በኬንያ በኩል ኢትዮጵያም ገብተዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። እንግሊዝኛው «ካራቫን» ይላቸዋል፤ አማርኛው ቅፍለት ነው። የሲራራ ነጋዴ አገር የእነዚህን ፈረንጆች ቅፍለት ሲያይ ምን እንዳለ መስማት ብችል ደስ ባለኝ። ጨው የለ፣ ዝባድ የለ፣ ቡና የለ፤ ቤታቸውን ጭነው ቤታቸውን ያራግፋሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን የገረማቸው አይመስለኝም። የቀድሞዎቹ ነገሥታት የኖሩት እንዲሁ ነበርና። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተመ»፣ ማለት ሰፈረ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከ1520 እስከ 1526 እዚህ በቆየበት ጊዜ ያየው የልብነ ድንግል መናገሻ የድንኳን ከተማ ነበር፤ በሄደበት ሁሉ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ፣ ሁሉም ድንኳኑን የሚተክልበትን ያውቃል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ድንኳን ናቸው። ኳርትዝሳይትን ሳይ «የጦር ሰፈር» ያልኩት ይህን አስታውሼ ነው። ልዩነቱ የንጉሡ ሰፈር ውሃውንና ማገዶውን ይዞ አለመምጣቱ ነው። ካረፈበት ይበላል፤ ደኑን ይጨርሳል፤ ድርጎውን ያገሬው ገበሬ ይሸከማል፤ ሲያልቅ ይነሣል። ምኒልክ እንኳ በ1900 አካባቢ የአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ጀምረው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምንኮራባት መዲና የተተወ ሰፈር ትሆን ነበር። እናም ራሱን የቻለ ሰፈር ሲባል ማን እንደሚያስችለው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1966 ዊኔባጎ የተባለው የአይዋ ኩባንያ ሞተርና ቤት አንድ ላይ የሆነውን መኪና ከተፎካካሪዎቹ በግማሽ ያህል ዋጋ አወጣ፤ የቤት መኪና የመካከለኛው መደብ ሆነ። የ1973 የነዳጅ ቀውስ ለጊዜው ሰበረው። መንገደኛው ግን አልተመለሰም፤ በየክረምቱ በአሪዞና በረሃ የሚሰፍረው በመብዛቱ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በ1983 ኳርትዝሳይት አጠገብ ላ ፖሳ የተባለውን የረጅም ጊዜ ማረፊያ ከለለ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ሰባት ወር፣ ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ነበር የሚከፈልበት። ከዚያ ውጭ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ ደንቡ በጥቅሉ አሥራ አራት ቀን ነው፤ ከዚያ መነሣት አለ። አሥራ አራት ቀን! ልብነ ድንግልን ይህን ደንብ የሚነግራቸው ቢኖር ስንት ደን በተረፈ።

እዚያች ከተማ መቃብር ውስጥ አንድ ፒራሚድ አለ። ከድንጋይ የተሠራ ትንሽ ፒራሚድ፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ግመል። የአሜሪካ ጦር በ1850ዎቹ በረሃውን ለመሻገር ግመል አስመጥቶ ነበር፤ ከግመሎቹ ጋር ከኦቶማን ግዛት ከመጡት አንዱ ሐጂ አሊ ይባላል። ስሙ ለአሜሪካኖች ምላስ አልመች ብሎ «ሃይ ጆሊ» ሆነ። ሙከራው ከሸፈ፤ ሐጂ አሊ ግን አገሩ ሳይመለስ በ1902 እዚያው ሞተ። ተማሪዬ ወስዶ ሲያሳየኝ «ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር ውስጥ የማውቀው አበሻ መሳይ ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ አልሳቅኩም እንጂ።

ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ የቤት መኪናው እንደገና የ1936ቱን መልክ ያዘ። ቤታቸውን ያጡ፣ ጡረታቸው ያልበቃቸው ሽማግሌዎች ተሳቢ ገዝተው ሥራ ወዳለበት መነዳት ጀመሩ፤ ስኳር ድንች ሳይሆን ስኳር ሥር ለመሰብሰብ፣ የመንግሥት ማረፊያዎችን ለመጠበቅ፣ በበዓል ሰሞን በአማዞን መጋዘን ዕቃ ለመልቀም። ጄሲካ ብሩደር በ2017 «ኖማድላንድ» ብላ ጻፈቻቸው፤ ፊልሙ በ2021 ኦስካር አገኘ። ፊልሙን አይታችሁ ከሆነ በረሃው ኳርትዝሳይት ነው።

ታዲያ አድራሻ ያስፈልጋል። ያለ አድራሻ መንጃ ፈቃድ የለም፣ ባንክ የለም። ተማሪዬ የሚኖረው አሪዞና፣ አድራሻው ሳውዝ ዳኮታ ነው፤ እዚያ ግዛት አንድ ሌሊት ያደረበትን ደረሰኝ አሳይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ደብዳቤውን የሚቀበልለት ድርጅት አለ። በ2023 ግን ግዛቲቱ ለመምረጥ ሠላሳ ቀን መኖር ያስፈልጋል የሚል ሕግ አወጣች። መምረጥ የቻለበት አገር ዜጋ ለመሆን ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው፣ ቤቱ ጎማ ስላለው ድምፁ የት እንደሚቆጠር ያስባል። በሰኔ 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከተሞች በሕዝብ ቦታ የሚያድሩትን፣ ሌላ ማደሪያ ባይኖራቸውም፣ መቅጣት እንደሚችሉ በስድስት ለሦስት ድምፅ ወሰነ። ጉዳዩ የተነሣባት ግራንትስ ፓስ የምትባለው ከተማ ያለችው ኦሪገን ውስጥ ነው፤ ባያም በግ በጠበቀበት ግዛት።

የመጨረሻው ማታ ውጭ ተቀምጠን ሳለ፣ ወደህ ነው ወይስ ተገደህ አልኩት።

«ስጀምር ተገድጄ። አሁን... ጋሼ፣ አሁን ቤት ቢሰጡኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሚያዝያ ሲመጣ ወደ ሰሜን እወጣለሁ፣ ደጋ ፍለጋ። አሥራ አራት ቀን እዚህ፣ አሥራ አራት ቀን እዚያ። ስልኩ ከሠራ እንጀራዬ አለ። ግን ለእማዬ የትኛውን ልንገራት? ተገድጄ ብላት ታለቅሳለች። ወድጄ ብላት አታምነኝም።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሙሉውን ፎቶ፣ ከነጎማው፣ ላከልኝ። «እርስዎ እንዳዩት ያድርጉ» አለ። አደራው እጥፍ ሆነ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጉለሌ ሄድኩ። ውሃ መጥታ ኖሮ ወይዘሮዋ ጀሪካን እየሞሉ ነበር። ቡና ተፈላ። ግድግዳ እንዳለው፣ ምድጃ እንዳለው፣ መብራት እንደማይጠፋበት ነገርኳቸው። ሰክኖ እንደሚሠራ፣ የሥራውንም ደግነት። ከዚያ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስመጡ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ጎማ አለው» አሉ።

«አለው።»

«ይነዳል ማለት ነው?»

«ይነዳል።»

«ታዲያ ጎማ ካለው፣ እሱም መንዳት ከቻለ፣ ወደዚህ የማይነዳው ለምንድን ነው?»

«እማማ፣ መሀል ላይ ባሕር አለ'ኮ» አልኳቸው።

ፎቶውን አልመለሱልኝም። «እስከ ባሕሩስ?» አሉኝ።